ቤዝ ላይ ያለው ማነው?

የጃዝ ወዳጆች ሲገናኙ ሰላምታው ሳያልቅ ጥያቄው ይጀመራል። ቤዝ ላይ ያለው ማነው? የት ነው የተቀዳው? ከሁለቱ ቅጂዎች የትኛው ይሻላል? ፒያኖ ተጫዋቹ በአንዱ ዘፈን ላይ ብቻ የተቀየረው ለምንድነው? ዳር ቆሞ ለሚሰማ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። ሙዚቃውን አርፎ መስማት እያለ ስምና ቀን መቁጠር ምን ይሠራል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የምወዳቸው ሰዎች ናቸው፣ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። እኔ ግን ይሄን ወሬ ከልቤ እወደዋለሁ፣ ሙዚቃውን የምሰማበት አንዱ መንገድም ይኸው ነው።

ምክንያቴ ቀላል ነው። ጃዝ ውስጥ ዜማው ቀድሞ ሊጻፍ ይችላል፣ ሸክላው ላይ ያለው አብዛኛው ነገር ግን የተፈጠረው በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያ በተገናኙት ሰዎች መሃል ነው። በነጋታው ቢደግሙት ሌላ ነገር ይወጣል። ድራም ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ሳክስፎኑም ሌላ ነገር ይናገራል። ስለዚህ ማን፣ መቼ፣ የት የሚለው ነገር የሙዚቃው አካል ነው። አንድ መረጃ ስሰማ ራሴን የምጠይቀው ይሄን ነው፤ ይሄን ካወቅሁ በኋላ ሸክላውን መልሼ ብከፍተው የምሰማው ነገር ይለወጣል? ከተለወጠ ወርቅ ነው። ካልተለወጠ ይለፈኝ።

(ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሸክላዎቹም ላይ የተጻፈው እንደዚያ ስለሆነ።)

ከሁሉ በላይ የምወደው ምሳሌ የኦርኬስትራ መሪው የዱክ ኤሊንግተን ነው። ጁላይ 7 ቀን 1956 ማታ ኦርኬስትራው ሮድ አይላንድ ውስጥ በኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ። ጊዜው ለትልልቅ ኦርኬስትራዎች ክፉ ነበር። ብዙዎቹ ተበትነዋል፣ ኤሊንግተንም ዘመኑ አልፏል የሚሉት በርክተው ነበር። በዚያ ማታ ግን ከ1937 ጀምሮ የነበረውን «ዲሚኑዌንዶ ኤንድ ክረሸንዶ ኢን ብሉ»ን አወጣ። ሥራው ሁለት ክፍል አለው፣ በሁለቱ መሃል ቴነር ሳክስፎን የሚጫወተው ፖል ጎንሳልቬስ ብቻውን ብሉዝ ይዞ ይወጣል። ብሉዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ 27 ጊዜ እያዞረ ተጫወተ። ሕዝቡ ከወንበሩ ተነሳ፣ መጨፈር ጀመረ፣ ጩኸቱ ከመድረኩ ድምፅ ጋር እኩል ሆነ። ከዚያ የወጣው ሸክላ ኤሊንግተን በሕይወት ዘመኑ ካወጣቸው ሁሉ በብዛት የተሸጠለት ሆነ።

ትንሿ መረጃ የምትመጣው እዚህ ጋ ነው። በዚያ መድረክ ላይ የሁለት ወገን ማይክሮፎኖች ነበሩ። አንዱ ሸክላውን የሚቀዳው የኮሎምቢያ ሸክላ ኩባንያ ነው፣ ሌላው ለሬዲዮ የሚቀዳው የአሜሪካ ድምፅ ነው። ጎንሳልቬስ ሶሎውን የተጫወተው የሬዲዮው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ነበር። ለዚህ ነው በድሮው ሸክላ ላይ ሳክስፎኑ ከሩቅ፣ ከሕዝቡ ኋላ የሚመጣ የሚመስለው። ሌላም አለ። በዚያው ሸክላ ላይ ካሉት ሥራዎች ብዙው ከፌስቲቫሉ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው የደገሙት ነው፣ ጭብጨባው ከላይ ተጨምሮበት። እንዲህ ሆኖ አርባ ዓመት ገደማ ኖረ። በ1990ዎቹ የሬዲዮው ቴፕ ተገኘ፣ ሁለቱን ቴፖች ጎን ለጎን አስኪደው በ1999 አዲስ እትም አወጡ። በሁለት ቦታ የቆሙ ማይክሮፎኖች ስለሆኑ አንድ ላይ ሲሆኑ ስቴሪዮ ሆኑ። ጎንሳልቬስም ፊት ለፊት መጣ፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።

አሁን ሁለቱን እትሞች አከታትላችሁ ስሟቸው። አዲሱ የተሻለ ነው፣ ጥያቄ የለውም። የድሮውን ግን አልጥለውም። በድሮው ላይ የምንሰማው በአንድ ሩቅ ነገር ያበደ ሕዝብ ነው፣ እኛም ከኋላ ወንበር ቆመን አንገታችንን እያሰገግን የምናይ ያህል ነው። ይሄን ስሜት የሰጠን የማይክሮፎን አቀማመጥ ነው። ያንን ሳላውቅ ብሰማው ኖሮ «ቀረጻው መጥፎ ነው» ብዬ አልፌው ነበር።

ስለ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ አልበም፣ ስለ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ ያልተወራ ነገር የለም። ኒውዮርክ፣ 30ኛው ጎዳና ላይ በነበረው የኮሎምቢያ ስቱዲዮ፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ውስጥ፣ በ1959 ማርች 2 እና ኤፕሪል 22 ተቀዳ። በመጀመሪያው ቀን የዋናው መቅጃ ሞተር ትንሽ ቀስ ብሎ ይሽከረከር ነበር። ቀስ ብሎ የተቀዳ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲከፈት ፈጠን ይላል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ስለዚህ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ፣ ሦስቱም ሥራዎች፣ ከ30 ዓመት በላይ ከልኩ ትንሽ ቀጥኖ ሲሰማ ኖረ። የተስተካከለው በ1992 ነው፣ በትክክለኛው ፍጥነት የተቀዳ የመጠባበቂያ ቴፕ ስለነበረ። እስከዚያ ድረስ ከሸክላው ጋር አብረው እየተጫወቱ የተማሩ ወጣቶች መሣሪያቸውን ትንሽ መሳብ ነበረባቸው። ለጆሮ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን «ሶ ዋት»ን በሁለቱም ፍጥነት ስሙት፤ በተስተካከለው ላይ የፖል ቻምበርስ ቤዝ ወፈር ይላል፣ ሰውዬው ሰፋ ብሎ የተቀመጠ ይመስላል።

በዚያው ገጽ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ፣ መግቢያው ላይ ያነሳሁት የፒያኖው ጉዳይ። «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ላይ ፒያኖውን የሚጫወተው ቢል ኢቫንስ አይደለም፣ ዊንተን ኬሊ ነው። በሌሎቹ ሁሉ ኢቫንስ ነው። በዚያን ጊዜ የማይልስ ቡድን ፒያኖ ተጫዋች ኬሊ ነበር። ኢቫንስ ደግሞ ቡድኑን ለቆ ለዚህ ሥራ ተመልሶ የመጣ ሰው ነው። «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ብሉዝ ነው፣ ማይልስም ኬሊን ያስቀመጠው እሱ ላይ ነው። «ሶ ዋት» ላይ ኢቫንስ ጥቂት ድምፅ አስቀምጦ ዝም ይላል። ቀጥሎ ኬሊ ሲመጣ ክፍሉ ውስጥ መስኮት የተከፈተ ነው የሚመስለው፣ ጣቶቹ ይራመዳሉ። ማይልስ የሰው ባሕርይ እንዴት እንደሚያነብ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ የሳክስፎን ተጫዋቹ የካነንቦል አደርሊ ስም ፊደል ተሳስቶ ነበር የሚለው ወሬ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለሰብሳቢ ካልሆነ ለጆሮ ምንም አያደርግም።

አንዳንዱ መረጃ ደግሞ ከባድ ነው። ጁን 25 ቀን 1961 እሑድ የቢል ኢቫንስ ሦስትዮሽ ኒውዮርክ፣ ቪሌጅ ቫንጋርድ ውስጥ ቀንና ማታ አምስት ዙር ተጫወተ። ቤዝ ስኮት ላፋሮ፣ ድራም ፖል ሞሽን። ከ11 ቀን በኋላ ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ኢቫንስ ለወራት መድረክ ላይ አልወጣም። ከዚያ እሑድ ቴፕ መጀመሪያ የወጣው «ሰንደይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» የላፋሮን ሁለት ድርሰቶች ይዟል፣ የተመረጡትም ቤዙ የሚደምቅባቸው ናቸው። የመታሰቢያ ሸክላ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ቀረጻ ላይ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያወራ፣ አንዳንዴም ሲስቅ ይሰማል። ድሮ ያ ድምፅ የሚያናድዳቸው ነበሩ። እኔ እወደዋለሁ። በዚያ ክፍል ከነበሩት ማንም ምን እየሰማ እንደሆነ አላወቀም፣ ሊያውቅም አይችልም። ቤዙን ብቻ ተከትላችሁ አንድ ጊዜ ስሙት። ላፋሮ ከኋላ ቆሞ ቆጠራ አይጠብቅም። ከፒያኖው ጋር ይነጋገራል፣ ይቀድመዋል፣ ያቋርጠዋል። ከዚያ በኋላ የመጣ ብዙ የጃዝ ሦስትዮሽ ከእነዚህ ሰዎች ተምሯል።

የሳክስፎን ተጫዋቹ የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ም እንዲሁ ነው። ዲሴምበር 9 ቀን 1964 በአንድ ማታ የተቀዳ። አራተኛው ክፍል «ሳልም» ይባላል፣ ብዙ ሰው እንደ ረጋ ያለ መዝጊያ ይሰማዋል። ነገር ግን ኮልትሬን የጻፈው የምስጋና ግጥም ሽፋኑ ውስጥ ታትሟል፣ በዚያ ክፍል ላይም ሳክስፎኑ የሚያደርገው ያንን ግጥም ማንበብ ነው። ቃል በቃል። ግጥሙን ይዛችሁ ስትከተሉ ስንኙ ሲያልቅ ድምፁም ይወርዳል፣ የፈጣሪ ስም በተጠራ ቁጥር ሐረጉ እዚያው ይመለሳል። ጸሎት ነው፣ አፍ በሌለው መሣሪያ። እሱን ካወቃችሁ በኋላ «ረጋ ያለ መዝጊያ» ብላችሁ መስማት አትችሉም።

ስለ ኮልትሬን ካነሳሁ አይቀር «ጃያንት ስቴፕስ» ላይ ያለውን ፒያኖ ልናገርለት። የጃዝ ወዳጆች ሲሰበሰቡ በቶሚ ፍላናጋን ሶሎ መሳለቅ የተለመደ ነው። በ1959 የተቀዳው ይህ ሥራ ኮርዱ (አንድ ላይ የሚመታው የድምፆች ስብስብ) በየቅጽበቱ የሚቀያየር፣ ፍጥነቱም እሳት የሆነ ነገር ነው። ኮልትሬን ዝርዝሩን ለረጅም ጊዜ ቤቱ ሲለማመደው ቆይቷል። እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ፍላናጋን ተራው ሲደርስ ይጀምራል፣ ይቆራረጣል፣ መጨረሻ ላይ ኮርዶቹን ብቻ ወደ ማስቀመጥ ይሄዳል። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ከዚያ ሳምንታት ቀድሞ በተሞከሩት ቅጂዎች ላይ ፒያኖ የነበረው ሲዳር ዋልተን ነው፣ እሱም ቀላል ሰው አይደለም፣ በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ጭራሽ ሶሎ የለውም። ፍላናጋን ቢያንስ ገባበት። በ1982 ደግሞ ከቤዙ ጆርጅ ምራዝና ከድራሙ አል ፎስተር ጋር ሆኖ ለኮልትሬን መታሰቢያ አንድ ሙሉ አልበም ሲሠራ ይሄንኑ ዘፈን መልሶ አነሳው፣ አቀላጥፎም ተጫወተው። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ነገር ልብ ውስጥ ይዞ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የ1959ኙን ቅጂ አሁን ስሰማ የሚታየኝ አዲስ ቋንቋ በተወለደ ቀን እዚያው ክፍል ውስጥ የነበረና ሊናገረው የሞከረ ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ስታወሩ እባካችሁ የ1982ቱንም አብራችሁ አንሱ።

የስም ጨዋታውም ደስ ይላል። ውል ከአንድ ኩባንያ ጋር ያሠረው ሙዚቀኛ ከሌላው ጋር ሲቀዳ ስሙን ይደብቃል። ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በ1953 ቶሮንቶ፣ ማሴይ ሆል ከዲዚ ጊለስፒ፣ ከባድ ፓወል፣ ከቻርልስ ሚንገስና ከማክስ ሮች ጋር የተጫወተው ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም «ቻርሊ ቻን» ነው። ካነንቦል አደርሊ በሉዊ ስሚዝ ሸክላ ላይ «በክሾት ላ ፈንክ» ሆኗል። ኤሪክ ዶልፊ በኮልትሬን «ኦሌ» ላይ «ጆርጅ ሌን» ነው። የሚገርመው መደበቁ ከንቱ መሆኑ ነው። ፓርከር በዚያ ማታ የያዘው ፕላስቲክ ሳክስፎን ነበር፣ ግን ሁለት መስመር እንደተጫወተ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ድምፅ ስም አይፈልግም።

ትዝ አለኝ፣ የፒያኖ ተጫዋቹ የቴሎኒየስ ሞንክ ጩኸት። በ1957ቱ «ሞንክስ ሚውዚክ» ላይ፣ «ዌል ዩ ኒድንት» ውስጥ፣ ሞንክ ፒያኖውን ጨርሶ «ኮልትሬን! ኮልትሬን!» ብሎ ሲጣራ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ቀጣዩ ተራ የእሱ ስለሆነ ነው የሚጠራው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚቀዳው አንጋፋው ኮልማን ሃውኪንስም ተቀምጧል። አዘጋጁ ጩኸቱን ቆርጦ ሊያወጣው ይችል ነበር። ስለተወው አመሰግነዋለሁ።

ሰብሳቢዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ብሉ ኖት የተባለውን የጃዝ ኩባንያ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ያለውን ባዶ ጥቁር ቀለበት በመብራት ይመረምራሉ። የድምፅ ቀራጩ የሩዲ ቫን ጌልደር ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተጭረውበታል ወይ? ጆሮ የምትመስለዋ ምልክት አለች ወይ? ጆሯዋ ሸክላውን ያተመው የፕላስቲላይት ፋብሪካ ምልክት ናት፣ ያ ፋብሪካ ደግሞ ብሉ ኖት ከተሸጠ በኋላ፣ በ1966 አካባቢ፣ የብሉ ኖትን ሸክላ ማተም አቆመ። ስለዚህ ጆሮ ካለ ድሮ የታተመ ነው። ይሄ ዋጋ ላይ ለውጥ ያመጣል፣ ጆሮ ላይ ግን ሁልጊዜ አይደለም። በደንብ የተሠራ አዲስ እትም ከተጫረ የመጀመሪያ እትም ይሻለኛል።

ቫን ጌልደር ራሱ ግን ሌላ ነው። ሰውዬው ቀን ቀን የዓይን መነጽር ባለሙያ ነበር። እስከ 1959 ድረስ ይቀዳ የነበረው ኒው ጀርሲ፣ ሃከንሳክ ውስጥ፣ ወላጆቹ ሳሎን ውስጥ ነው። ያንን ስታውቁ የ1950ዎቹ የብሉ ኖት ሸክላዎች ድምፅ ለምን እንዲህ ቀረብ ያለ እንደሆነ ይገባችኋል። አርት ብሌኪ ድራሙን የሚመታው የሰው ሳሎን ውስጥ ነው! ሞንክ «ሃከንሳክ» የሚል ዘፈን አለው፣ ስሙ ከዚያ ነው። በ1959 ኢንግልዉድ ክሊፍስ ላይ ጣሪያው ከፍ ያለ ስቱዲዮ ሠርቶ ሲገባ ድምፁ ተለወጠ፣ ዙሪያው አየር አገኘ። የ1957ቱን የኮልትሬን «ብሉ ትሬን» ከ«ኤ ላቭ ሱፕሪም» ጋር ስታወዳድሩ አንዱ ልዩነት ቤቱ ነው።

ሰው አፍ ላይ የሚኖር ተረትም አለ። ሉዊ አርምስትሮንግ ዕድሜውን ሙሉ ልደቴ ጁላይ 4 ቀን 1900 ነው ይል ነበር። ከሞተ በኋላ የተገኘው የጥምቀት መዝገብ ኦገስት 4 ቀን 1901 ይላል። ይሄ የሙዚቃውን ድምፅ አይለውጥም፣ በእኔ መመዘኛ ይለፈኝ ልለው ይገባ ነበር። ግን በ1925 ከራሱ ቡድን ጋር መቅዳት ሲጀምር ገና 24 ዓመቱ እንደነበረ ሳስብ ያንን ቀረጻ ዳግም መክፈቴ አይቀርም።

አሁንም ድረስ የሚያከራክረን አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱን ልተውላችሁ። «ብሉ ኢን ግሪን»ን የጻፈው ማነው? «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ላይ ድርሰቱ የማይልስ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ኢቫንስ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለራሱ አልበም ሲቀዳው የሁለቱም ስም ሰፈረ። እኔ ለኢቫንስ ነው የምፈርደው፣ ምክንያቴም ወረቀት ላይ አይደለም ያለው። ትራምፔት ተጫዋቹ ቼት ቤከር በ1958 መጨረሻ የቀዳው «አሎን ቱጌዘር» አለ፣ «ቼት» በሚለው አልበም ላይ። ፒያኖው ኢቫንስ ነው። የዚያን መግቢያ ስሙ፣ ቀጥሎ «ብሉ ኢን ግሪን»ን ክፈቱ። ኮርዶቹ ከወራት በፊት እዚያ ተቀምጠዋል። ማይልስ ሁለት ኮርድ ሰጥቶት ኢቫንስ ቀሪውን ሠራው የሚሉ አሉ፣ ከሆነም ፍርዴን ብዙ አይለውጠውም። በማይልስ ወገን ያላችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና መልሳችሁን ላኩልኝ። የቼትን ቅጂ የመጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ እንዳትዘሉት ብቻ፣ ክርክሩ ያለው እዚያ ነው።